የደንገል ዳሱ ፎቶ አንሺዎች

ቡርሀን መስዑድ ታንኳ ሠሪ ነበር። ቤቱ ባሕር ዳር፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል ሲወረድ፣ ሐይቁ ዳር ያሉት እስላሞች ከሚኖሩበት ሰፈር ጫፍ ላይ ነው። ደንገል ያጭዳል፣ በፀሐይ ያደርቃል፣ በልጥ ጠፍሮ ታንኳ ያወጣል። ታንኳው ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ባለቤቱ ይመጣና ሌላ ያሠራል። ከቤቱ ፊት ለፊት ደንገሉን የሚያደርቅበት ዳስ ነበረው፤ ይህ ታሪክ አብዛኛው የሆነው እዚያ ዳስ ሥር ነው።

የነገሩኝ ባለቤቱ ሐቢባ ናቸው። በስተርጅናቸው ጎረቤታችን ነበሩ፤ ቡርሀንን ግን እኔ አልደረስሁበትም። በታሪኩ ውስጥ የሃያ ዓመት ሴት ስለሆኑ «እሷ» እያልሁ እተርካለሁ፤ ቢሰሙም አይቀየሙኝም።

በሃያ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በሚያዝያ፣ ጣልያን ባሕር ዳር ገባ። ሐይቁ ዳር ሰፈረ፣ የሞተር ጀልባ አመጣ፣ ታንኳ ሠሪዎቹን እየያዘ ጭነት አወራጅ አደረጋቸው። ቡርሀንን ካርታ የሚያነሡ መሐንዲሶች ድንኳን ውስጥ ውሃ እንዲያመላልስ መደቡት። ከድንኳኖቹ አንዱ በጥቁር ሸራ የተሸፈነ ፎቶ ማጠቢያ ነበር። የሐይቁ ውሃ ደለል ስላለበት ፊልሙን ይቧጭረዋል። ይህን ማንም ሳይነግረው ቡርሀን ራሱ አየና ውሃውን በእጥፍ ነጠላ እያጠለለ ማምጣት ጀመረ። የድንኳኑ ኃላፊ ሪናልዲ የሚሉት ካፖራሌ፣ የአሥር አለቃ ነው፤ የተጠለለውን ውሃ ባየ ጊዜ የቡርሀንን ትከሻ ይዞ ወደ ውስጥ አስገባው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእጅ ምልክትና በተሰባበረ አማርኛ ሥራውን አሳየው፤ ፊልሙ በየትኛው መድኃኒት እንደሚታጠብ፣ ወረቀቱ ከፊልሙ ጋር በመስታወት ተጣብቆ ፀሐይ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ።

ሪናልዲ ከመንግሥት ሥራው ሌላ የራሱ የሆነች ትንሽ ሣጥን ካሜራ ነበረችው። ሲያርፍ ዶሮ ያነሣባታል፣ የተሰጣ ልብስ ያነሣባታል፣ አጥር ላይ የተንጠለጠለ ቅል ያነሣባታል። አጥቦ ሲጨርስ ለቡርሀን ይዘረጋለትና «የትኛው?» ይለዋል። ቡርሀን በጣቱ ያሳየዋል። አንዳንዴ ይስማማሉ፣ አንዳንዴ ሪናልዲ ራሱን ይነቀንቅና የራሱን ያሳያል። በሃያ ዘጠኝ ጥቅምት ካፖራሌው በንዳድ ተያዘ። በጀልባ ወደ ጎርጎራ ሲወስዱት ሣጥኗን፣ ጥቂት ጥቅል ፊልምና ወረቀት ከመድኃኒቱ ጋር ቡርሀን እጅ ላይ አኖራቸው። ተመልሶ አልመጣም። ይሙት፣ ወይ አገሩ ይግባ፣ ለአንድ ውሃ ቀጂ ማን ይነግረዋል?

ሐቢባ ሣጥኗን ስታይ አልወደደቻትም። አባቷ ሩሕ፣ ነፍስ ያለውን ነገር መሣል ሐራም ነው የሚሉ ሰው ናቸው። «ሩሕ የሌለውን አንሣ እንግዲያ» አለችው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥዕል የታንኳ ሥዕል ሆነ፤ ውሃው እንዲወርድለት ዳሱ ላይ ቆሞ የተደገፈ አሮጌ ታንኳ። አጠበውና ምሰሶው ላይ በእሾህ ሰካው።

እዚያ ተሰክቶ ሳለ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን መጡ። መሪጌታ የጊዮርጊስ አገልጋይ፣ ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ ወደ ደሴቶቹ ሲሻገሩ በቡርሀን ታንኳ ነው። ቆመው ሥዕሉን አዩት። ብዙ ቆዩ።

«ማን ሣለው ይህን?»

«አልተሣለም መሪጌታ። ፀሐይ ናት የሠራችው።»

«ኅዳጉንስ ማን ለካው?»

«የቱን ኅዳግ?»

«ታንኳው ከወረቀቱ ጠርዝ የራቀበትን። ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ አድርገኸዋል። እኔ ብራና ላይ እንዲህ ያለ ኅዳግ ለማግኘት ግማሽ ቀን እለካለሁ። አንተ በዓይንህ ብቻ ነው ያገኘኸው።»

ቡርሀንን ታንኳው ጠነከረ ያለው ሰው ብዙ ነው፤ ዓይንህ ደኅና ነው ያለው ግን አልነበረም። ሣጥኗን አምጥቶ ለመሪጌታ ሰጣቸው። «እስቲ እርስዎም ይሞክሩ።»

አንድ ጥቅል ፊልም ስምንት ሥዕል ነው የሚይዘው። ሦስቱን ቡርሀን፣ ሦስቱን መሪጌታ፣ ሁለቱን ሐቢባ እንዲያነሡ ተስማሙ። ሐቢባ ሁለቷን ሰምታ ዝም አላለችም።

«የእኔ ዓይን ከእናንተ በምን አንሶ ነው?»

መሪጌታ ሳቁ። «ከእኔ አንዱን ውሰጂ። እኔማ ገና ሣጥኗን ከየት ወገን እንደማያት አላወቅሁም።»

እውነታቸውን ነበር። የመጀመሪያ ሥዕሎቻቸው ሁሉ ጭጋግ ሆነው ወጡ፤ እጃቸው አይረጋም። ቡርሀን አጠገባቸው ቆሞ አያቸውና «ብርዕ ሲይዙ እንደሚተነፍሱት ይተንፍሱ» አላቸው። በሚቀጥለው ጥቅል የቤተ ክርስቲያኑ የድንጋይ ደወል ስንጥቁ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ወጣላቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት ዳሱ ሥር ይሰበሰባሉ፤ መሪጌታ ቅዳሜን ያከብራሉና ሥራ የላቸውም። ሥዕሎቹን ሰሌን ላይ ይደረድራሉ። መጀመሪያ ማንም አይናገርም፤ ሁሉም ያያል። ከዚያ እያንዳንዱ ዓይኑ የት ላይ እንዳረፈ ይናገራል። «መጥፎ ነው» ማለት የለም። ያልወደደው «በሚቀጥለው እንዲህ ብታይልኝ» ይላል እንጂ። ይህን ደንብ ማን እንዳወጣው ሐቢባ አታስታውስም፤ ምናልባት ከሪናልዲ ድንኳን የመጣ ይሆናል።

ሐቢባ የምታነሣውን ሌላ ማንም አነሣዋለሁ ብሎ አያስብም ነበር። ሴቶች ውሃ በሚቀዱበት ዳርቻ ማንም ወንድ አይቆምም፤ እሷ ግን እዚያው ነው የምትውለው። ሩሕ ያለውን ላለማንሣት ብላ የሴቶቹን ጥላ አነሣች። እንስራ ያዘለ የሰባት ሴት ጥላ፣ ጠዋት፣ እርጥብ አሸዋ ላይ። መሪጌታ ያን ሥዕል ከሰሌኑ አንሥተው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። «ይህን እኔ ሠርቼው ቢሆን ኖሮ የገዛ እጄን እስመው ነበር» አሏት። እማማ ሐቢባ በስተርጅናቸው ሲነግሩኝ እንኳ እዚህ ሲደርሱ ሻሻቸውን ያስተካክሉ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ቡርሀን መሪጌታን ላንሣዎት አላቸው። «እኔን በየሳምንቱ ታየኝ የለም እንዴ?» አሉት። «ፊልሟን ለማታየው ነገር አስቀምጣት።» እንዲህ ሆኖ እርስ በርሳቸው አንድም ቀን ሳይነሣሡ ቀሩ።

ዘመኑ የሚያስነሣ ዘመን አልነበረም። በሃያ ዘጠኝ መጨረሻ ጎጃም ተነሣ። ከከተማው በስተ ደቡብ ወደ ሰባታሚት የሚወስደው መንገድ ተዘጋ፤ ከዚያ ማዶ ያለው ገጠር የአርበኛ ሆነ። ለአርበኞቹ ጨውና ጥይት በሐይቁ ይሻገራል ተባለና ጣልያን ታንኳ ሁሉ እንዲሰበሰብ አዘዘ። አርባ የሚሆን ታንኳ ዳርቻው ላይ ተከምሮ እሳት ተለቀቀበት። ደረቁ ወዲያው ነደደ፤ ውሃ የጠጣው ሦስት ቀን ሙሉ ጨሰ። ቡርሀን የገዛ ቋጠሮውን እያንዳንዱን ያውቀዋል። ልጡ ሲፈታ፣ ደንገሉ ሲዘረጋ ቆሞ አየ። ከሐይቁ ማዶ ወዳለችው ደለጎ ልትሻገር ቤተሰቧን ይዛ የቆመች ሴት ከነዕቃዋ እዚያው ዳርቻ ላይ ቀረች።

ሐቢባ ከድርሻዋ አንዱን በዚያ ጢስ ላይ አዋለችው። ሴቶች ጀርባቸውን ሰጥተው ጢሱን ያያሉ። ቅዳሜ ሲያዩት መሪጌታ ከበዳቸው።

«ይህ እኛ የምናነሣው ዓይነት አይደለም ሐቢባ።»

«የምናየው ይኸው ነው መሪጌታ። ሌላ የምናየው ምን ተረፈን?»

መሪጌታ ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡ። በጣታቸው ከሴቶቹ የአንዷን እግር አሳዩ። አንድ እግሯን በሌላው ላይ ደርባ ቆማለች፤ ገበያ ላይ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው። «ዓይኔ እዚህ ነው ያረፈው» አሉ።

ያኔ ቡርሀንም ሐቢባም የማያውቁት አንድ ነገር ነበር። መሪጌታ ለአርበኞቹ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። የጦር መሪዎቹ መጻፍ አይችሉም፤ ወይም ይችሉና እንዲህ አድርገው አይችሉም። በሠላሳ ዓመተ ምሕረት ታኅሣሥ ላይ አንድ መንገደኛ ተይዞ ከቀበቶው ውስጥ ደብዳቤ ወጣ። ስም አልነበረበትም። ነገር ግን ፊደሉ የተለየ ነው። እያንዳንዱ ሆሄ እንደ ተቀረጸ እንጨት ቀጥ ብሎ የቆመ፣ መስመሩ ሳይሰመር ቀጥ ያለ። የጦር ሰፈሩ ሹም ከጊዮርጊስ መጻሕፍት አስመጣና አስተያየ። በዚያ አካባቢ እንዲህ የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ማክሰኞ መሪጌታ ተያዙ። ቅዳሜ፣ ገበያው ሲሞላ፣ ከሁለት የገጠር ሰዎች ጋር ገበያው መካከል ያለው ዋርካ ላይ ተሰቀሉ።

ቡርሀን የዚያን ቀን ጠዋት ጭነት እያወረደ ነበር። አንድ ወታደር ከአስተርጓሚ ጋር መጣ።

«ሪናልዲ ፎቶ ያስተማረህ አንተ ነህ?»

«አዎን።»

«ትፈለጋለህ። ጎንደር ላሉት አለቆች የሚላክ ፎቶ አለ።»

ሦስት እግር ያለውን ትልቁን የድንኳኑን ካሜራ አሸከሙት። ማን እንደ ተሰቀለ አልነገሩትም። ተይዘው እንደነበር ያውቃል፤ ጎንደር ይወስዷቸዋል ሲባል ሰምቶ ያን አምኗል። ዋርካው ሥር ደርሶ ቀና ሲል አያቸው።

ሐቢባ ይህን ክፍል ከባሏ አፍ የሰማችው በአንድ ጊዜ አይደለም። በዓመታት ውስጥ ቁራጭ በቁራጭ ነው የነገራት። ካሜራውን ተከለ። ጨርቁን ራሱ ላይ ጣለ። በመስታወቱ ውስጥ ሲያያቸው ተገልብጠው ታዩት፤ እግራቸው ወደ ሰማይ፣ ራሳቸው ወደ ምድር፤ ሁልጊዜም በዚያ ካሜራ ነገር እንዲያ ነው የሚታየው። ዓይናቸው ተከፍቷል። ከጨርቁ ሥር ወጣና ለአስተርጓሚው ነገረው።

«እንዲህ ሆኖ ሥዕሉ አይጠራም። ፊታቸው ካልተስተካከለ ጎንደር ያሉት አይለዩዋቸውም። ላስተካክል።»

አስተርጓሚው ለሹሙ ነገረ። ሹሙ ሰዓቱን አየና ቶሎ በል አለ።

ቡርሀን የጭነት ሣጥን አምጥቶ ቆመበት። የመሪጌታን ዓይን በሁለት ጣቱ ከደነ። አገጫቸውን በመዳፉ ደግፎ አፋቸውን ገጠመ። የተንሸራተተ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መለሰ። በልቡ የሚያውቀውን አለ፤ ሰው ሲሞት የሚባለውን፣ ኢና ሊላሂ። ከዚያ ለእሳቸው ብቻ እንዳደረገው እንዳያውቁበት ሣጥኑን እየጎተተ ሁለቱንም ገበሬዎች እንዲሁ አደረገ። ወርዶ ፎቶውን አነሣ።

እጁ አልተንቀጠቀጠም። ኋላ ብዙ ያስጨነቀው ይህ ነው። እጁ ለምን አልተንቀጠቀጠም?

በጥቁሩ ድንኳን ውስጥ ፊልሙን አጠበው። ፀሐይ ላይ አውጥቶ በወረቀት ሁለት አድርጎ አተመው፤ አንዱ ለጎንደር፣ አንዱ ሸሚዙ ውስጥ ገባ።

ቤቱ ሲደርስ ሐቢባ ዳሱ ሥር ቁጭ ብላለች። ሰምታለች። ቅዳሜ ስለሆነ ሰሌኑ ተዘርግቷል፤ በልማድ ዘርግታው ይሁን ሆን ብላ፣ አልጠየቃትም። ወረቀቱን በጀርባው አስቀመጠው። እሷ ገለበጠችው። እንደ ደንቡ ዝም ብላ አየች። ዓይኗ የት ላይ እንዳረፈ ግን አልተናገረችም፤ እሱም አልጠየቃትም።

የመሪጌታ ባለቤት ወለተ ሚካኤል ያን ሰሞን ዘጌ፣ ወላጆቻቸው ዘንድ ነበሩ። መርዶው ደርሷቸው ሲመለሱ ቀብሩ ሁሉ አልቆ ነው። ሁለት ቀን ተሰቅለው ከቆዩ በኋላ ካህናቱ ለምነው አውርደው ቀብረዋቸዋል። ወለተ ሚካኤል አርባውን አውጥተው፣ ጥቁራቸውን እንደ ለበሱ፣ ወደ ሐይቁ ዳር ወረዱ። ቡርሀን ልጥ በውሃ ሲያርስ አገኙት።

«ፎቶ አንሥተሃቸዋል ይሉኛል።»

ቡርሀን ተነሣ። «አዎን።»

«አሳየኝ።»

«ይቅርብዎ እቴ። ያ እሳቸው አይደሉም። እነሱ ያደረጉት ነው።»

«አሳየኝ አልሁህ። ፊታቸውን ሳላይ ነው የቀበሩብኝ።»

ቡርሀን ወደ ሐቢባ ዞረ። ሐቢባ ገባችና ወረቀቱን በጨርቅ እንደ ተጠቀለለ አመጣች። ወለተ ሚካኤል ተቀብለው ወደ ብርሃኑ ወጡ። አላለቀሱም። ገመዱን አዩ፣ ዛፉን አዩ፣ ፊታቸውን አዩ።

«ዓይናቸውን ማን ከደናቸው?» አሉ።

«እኔ።»

«ነጠላቸውንስ?»

«እኔ ነኝ።»

«እነሱ ፈቀዱልህ?»

«ሥዕሉ አይጠራም ብዬ ዋሸሁዋቸው።»

ወለተ ሚካኤል ቡርሀን ያልጠበቀውን አደረጉ። እጁን ያዙና ሁለቱን ጣቶቹን ሳሙ። እሱ እጁን ሊያስለቅቅ ታገለ፤ አለቀቁትም።

ወረቀቱን ይውሰዱት ሲላቸው እምቢ አሉ። «ቤቴ ብወስደው ልጆቼ አባታቸውን እንዲህ ያውቁታል። አንተ ዘንድ ይቀመጥ። ሲከፋኝ እየመጣሁ አያለሁ።»

ሊሄዱ ሲሉ ሐቢባ አስቆመቻቸው። ትንሿን ሣጥን ካሜራ ይዛለች። «በዚህ ውስጥ የመሪጌታ ድርሻ አንድ ቀርቷል» አለቻቸው። «ተራው የእርስዎ ነው።»

«እኔ ምን አውቅበትና?»

«እሳቸውም አያውቁበትም ነበር።»

ወለተ ሚካኤል ሣጥኗን በጥቁር ነጠላቸው ሸፍነው ወሰዷት፤ በሦስተኛው ቀን መለሷት። ያነሡት የመሪጌታን ብራና መወጠሪያ ነበር። ግማሹ የተፋቀ የፍየል ቆዳ እንደ ተወጠረ ነው፤ ማንም አልነካውም። ሥዕሉ ተንጋድዷል፣ የመወጠሪያው አንድ እግር ተቆርጧል። ቅዳሜ ዳሱ ሥር ተቀመጡና ሦስቱም ዝም ብለው አዩት።

«የእኔ ዓይን ያረፈው ገመዱ ላይ ነው» አለች ሐቢባ። «ቆዳውን የወጠሩበት ገመድ። በጣም አጥብቀው ነው ያሰሩት፤ ነገ ሊመለሱበት ያሰቡ ሰው ናቸው።»

ወለተ ሚካኤል ያኔ አለቀሱ። ሐቢባ ክፉ የተናገረች መስሏት ደነገጠች። «አይደለም» አሉ፤ «በይ ሌላም ተናገሪ።» ቡርሀንም ዓይኑ ያረፈበትን ተናገረ፤ በሚቀጥለው ከመወጠሪያው ራቅ ብለው ይቁሙ አላቸው።

«በሚቀጥለው» የሚሉት ግን ብዙ አልቆየም። የሪናልዲ ወረቀት እያለቀ ሄደ፤ ከድንኳኑ ደብቆ የሚያወጣው ጥቂት ነው፤ እሱም ለሌላ ጉዳይ ተፈለገ። ምክንያቱም ቡርሀን ከዚያ በኋላም ተጠራ። በየሁለትና ሦስት ወሩ ወታደሩ ይመጣል፣ ባለ ሦስት እግሩን ካሜራ ያሸክመዋል። በሦስት ዓመት ውስጥ አሥራ አራት ሰው አነሣ። እምቢ ብል ምን ይሆናል ብሎ አስቧል፤ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ሐቢባ ያኔ እርጉዝ ነበረች። ሄደ። በሄደ ቁጥር የጭነት ሣጥኑን ያስመጣል፣ ይወጣል፣ ዓይን ይከድናል፣ ልብስ ያስተካክላል። ወታደሮቹ ለመዱትና ሳይጠይቃቸው ሣጥኑን ያቀርቡለት ጀመር።

በሰፈሩ ስሙ ከፋ። ዳሱ አጠገብ የሚያልፍ ሰው ሰላም አይለውም። ሐቢባ ውሃ ለመቅዳት ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን አንሥተው ፈቀቅ ይላሉ። የሴቶቹን ጥላ ባነሣችበት ዳርቻ ላይ ብቻዋን ትቀዳለች። የባሏ እህት ራሂማ እንኳ ልጆቿን ወደዚያ ቤት አትልክም ነበር። ነገር ግን የሟቾቹ ዘመዶች ይመጣሉ። ገበያ የመጡ መስለው፣ ዓሣ የሚገዙ መስለው፣ አንድ አንድ እያሉ ይመጡና ቀስ ብለው የሟቻቸውን ፎቶ ይጠይቁታል። ቡርሀን ለእያንዳንዱ ይሰጣል። አንዳንዱ ይመርቀዋል። አንዱ ሽማግሌ ወረቀቱን ተቀብለው፣ ፊቱ ላይ ተፍተውበት ሄደዋል። ፊቱን ጠረገና ልጡን ማራስ ቀጠለ።

በሠላሳ ሦስት ሚያዝያ ጣልያን ባሕር ዳርን ለቅቆ ወጣ። አርበኛው ገባ። በሁለተኛው ቀን ቡርሀን ተይዞ ገበያው ላይ ቀረበ። የቀረበለት ሰው ሸምገል ያለ የጦር አለቃ ነበር፤ አልጮኸበትም።

«የጣልያን ፎቶ አንሺ አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

«አስገድደውህ ነው?»

«አስገድደውኝ ነው። ግን አንሥቻለሁ።»

ወለተ ሚካኤል ሰዉን ጥሰው መጡ። ዓይን ስለ መክደኑ፣ ስለ ነጠላው፣ ለዘመድ ስለ ሰጠው ሁሉ ተናገሩ። አለቃው እስኪጨርሱ አዳመጣቸው።

«እሜቴ፣ የሚሉት እውነት ይሆናል» አላቸው። «ዓይን ከድኗል። የከደነውን ፊት ግን ጎንደር ልኮ የሌላውን ሰው ልብ አሸብሯል። የእኔን የወንድሜን ልጅ ፎቶ በየገበያው ለጥፈውት አይቻለሁ። ያ ፎቶ ከዚህ ሰው እጅ ነው የወጣው። ይህን ምን ላድርገው?»

ወለተ ሚካኤል ከቡርሀን አጠገብ ሄደው ቆሙ። 

ሠላሳ ጅራፍ ተፈረደበትና አገሩን እንዲለቅ ተደረገ። ሣጥኗ ካሜራ በሰደፍ ተቀጠቀጠች። ቤቱ ሲበረበር የተገኘው ወረቀት ሁሉ ደጅ ወጥቶ ነደደ። የበረበሩት ሰዎች የቱ የተሰቀለ ሰው ፎቶ እንደሆነ፣ የቱ የእንስራ ጥላ እንደሆነ አልለዩትም። የተሰነጠቀው ደወል፣ የተደገፈው ታንኳ፣ ሴትዮዋ እግሯን ደርባ የቆመችበት፣ የብራናው መወጠሪያ፣ ሁሉም አንድ ላይ ነደደ። ሐቢባ ከእሳቱ አንዱን ልትነጥቅ ሞክራ መዳፏ ተቃጠለ። ጠባሳውን እኔም አይቼዋለሁ።

ደለጎ ሄዱ፤ በሐይቁ በስተ ሰሜን ምዕራብ ያለች ከተማ ናት፤ እዚያ የሚያውቃቸው አልነበረም። ቡርሀን ታንኳ ሠራ። ሁለተኛ ልጅ ወለዱ፤ እሱ ግን በሕፃንነቱ ሞተ። ስለ ፎቶ አያነሣም፣ ሐቢባም አታነሣበትም። አንዳንዴ ብቻ ሥራውን አቁሞ ወደ ውሃው ያይና «ሐቢባ፣ ነይ እይ» ይላታል። ትወጣለች። አንድ ቅንጣት ነገር ይሆናል፤ ደንገል ውስጥ የቆመ ወፍ፣ ወይ ታንኳ ላይ የተሰጣ ቀሚስ። «ዓይንሽ የት አረፈ?» ይላታል። ትነግረዋለች። ተመልሶ ሥራውን ይይዛል።

በአርባ ዓመተ ምሕረት ክረምት በንዳድ ታመመ። እንደማይነሣ ሲያውቅ ሰባታሚት ያለች አንዲት ሴት ስም ጠራላት፤ እናትዓለም አላት።

«አራተኛው ሰው ወንድሟ ነበር። ገብረ ኪዳን ይባላል። እሱን ሳነሣ እጄ ተንቀጠቀጠብኝ። ሌላውን ሁሉ ስረጋ ኖሬ፣ እሱ ላይ ተንቀጠቀጥሁ። ወጣት ነበር፣ ገና ጢም አላወጣም። ፊቱ ተዛንፎ ጭጋግ ሆኖ ወጣ።»

«ጣልያኖቹ ምን አሉህ?»

«እነሱስ ምንም አላሉኝም። እህቱ መጣች እንጂ። ሌላ የምሰጣት የለኝም፤ ያንኑ ሰጠኋት። ወደ ብርሃኑ አውጥታ አየችው። ‹ይህ የእኔ ወንድም አይደለም› አለችኝ። ጉልበቴ ላይ ወድቃ ሳመችኝ። ‹ወንድሜ አለ ማለት ነው፤ ተሻግሯል ማለት ነው› አለችኝ። ደስታዋ… ሐቢባ፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ? አፏን በነጠላዋ አፍና ነው ያለቀሰችው። አልነገርኋትም። እሱ ነው አላልኋትም። ወረቀቱን መለሰችልኝና ሄደች።»

«እስከ ዛሬ ትጠብቃለች ነው የምትለኝ?»

«በየገበያው መንገደኛ ትጠይቃለች ይሉኝ ነበር። አንቺ ንገሪያት።»

ከሦስት ቀን በኋላ ሞተ፤ ደለጎ ተቀበረ። ሐቢባ ሐዘኗን ጨርሳ ልጇን ይዛ ወደ ባሕር ዳር ተሻገረች። የሚከለክላት አልነበረም፤ ሰዉም ረስቷል፣ ወይም ደክሞታል። በሳምንቱ ሰባታሚት ሄደች። ቤቱን ጠይቃ አገኘችው። እናትዓለም ፊቷ የተጨማደደ፣ ፈጣን ሴት ነበረች፤ እንግዳዋን ማን እንደሆነች ሳትጠይቅ አስቀመጠቻት፣ ቆሎ አቀረበችላት፣ ስለ ዝናቡና ስለ ገብሱ አወሩ።

እማማ ሐቢባ ይህን ሲነግሩኝ አላስቻለኝም። «ታዲያ ነገሯት?» አልኋቸው።

«ልነግራት ነበር የሄድሁት» አሉኝ። «አፌ ላይ አድርሼው ነበር። እሷ ግን ተነሽ ብላ በረት ወሰደችኝ። አንድ ወይፈን አሳየችኝ። ለወንድሜ ነው፣ ሲመጣ የሚታረድ ነው አለችኝ። ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው አርጅቶ ሞቶባታል። ጀርባውን እየዳሰሰች እንዴት ነው አለችኝ። ቆሜ አየሁት። ቀይ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። ነጩ ያምራል አልኋትና መንገዴን ያዝሁ።»